ግሪን ሪቨር ላይ ላልተዋችሁን ሁሉ

ውድ ወገኖቼ፣

ሰርጉም መልሱም ቅልቅሉም አልፏል። የእኔ ምስጋና ብቻ ነው የቀረው። ከኮሎራዶ ኦሮራ ወደ ላስ ቬጋስ ሰርገኛ ይዘን ስንሄድ ባሳችን ዩታ በረሃ ዳር ቆሞብን እንደነበር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የሰማችሁት «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሞተ» የሚለውን ከሆነ ግን ልክ አይደለም። ካምቢዮው ዛሬም ጤነኛ ነው። እንዴት እንደተረፍንና ማን እንዳተረፈን በወጉ ልንገራችሁ።

ባሷን ታውቋታላችሁ። የ1998 ኤምሲአይ ናት። ርዝመቷ 45 ጫማ፣ ሞተሯ ዲትሮይት ሲሪስ 60፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ አሊሰን ነው። ዕድሜዋ ቢገፋም ጉልበቷ አልከዳትም። የዚያን ቀንም ሙሉ ሰው ይዛ ከ11,000 ጫማ በላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ ሳታጉረመርም ወጥታለች። ቁልቁለቱን የወረድነው ካምቢዮው ላይ ባለው ሪታርደር፣ ማለትም ያለ ፍሬን ባሱን በሚያዘገየው መሣሪያ ነው፤ ፍሬኑን ብዙም አልነካነውም። ኤሌክትሪኩ እዚያ ላይ ተቋርጦ ቢሆን ሪታርደሩም አብሮ ይጠፋ ነበር። ተመስገን ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

ችግሩ የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ የነሐሴ መጨረሻ ነበር፤ የዩታ ሀሩር ደግሞ አይጣል ነው። ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። በድንገት የማርሽ መምረጫው ላይ ያለው ቁጥር ጠፋ። ተመልሶ በራ። ከዚያ በቁጥሩ ፈንታ ሁለት ሰረዝ ብቻ መጣ። «ቼክ ትራንስ» (ካምቢዮውን እዩ) የሚለው መብራትም በራ፤ ካምቢዮው በያዘው ማርሽ ደርቆ ቀረ። እንደምንም ግሪን ሪቨር ከተማ ገብተን ሞተሩን አጠፋን። ከዚያ ሞተሪኖው (ሞተር የሚያስነሳው) አልዞርም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር ይሳሳታል። አሊሰን ላይ የካምቢዮው ኮምፒውተር ማርሹ ኒውትራል መሆኑን ካላረጋገጠ ሞተሪኖው ትእዛዝ አይደርሰውም። ባትሪውም ሞተሪኖውም ደህና ሆነው ባሱ ዝም ሊል ይችላል።

በስልክ ያማከርነው አንድ ጋራዥ ምልክቱን እንደሰማ ፈረደ። ካምቢዮው ወርዶ ይታደስ፣ ጎታች መኪና አስመጡ አለን። ተክሊሉ በማግስቱ እሑድ ጠዋት ነው። ከግሪን ሪቨር ወደ ምዕራብ ደግሞ ሳሊና እስኪደረስ 110 ማይል ያህል ነዳጅ ማደያ እንኳ የለም። ሰዉ ፊቱ ጠቆረ።

ይህን ጊዜ የሙሽራዋ አጎት ከባሱ ወረዱ። ጋሼ ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉም፤ አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን የአውቶቡስ ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ካምቢዮ ሲሞት ቀድሞ ያስታውቃል። ይንሸራተታል፣ ዘይቱ ይሸታል። እስቲ ዘይቱን አሳየኝ» አሉኝ። አወጣሁላቸው። ንጹሕ ቀይ ነው፤ ቃጠሎ ቃጠሎ አይልም። «ታዲያ ምኑን ነው የሚያወርዱት?»

ረዳት ሹፌሩ መምረጫው ላይ ያሉትን ሁለት ቀስቶች አንድ ላይ ተጫነ። እንዲህ ሲደረግ የተመዘገበው ኮድ ይወጣል። ብልጭ ድርግም እያለም ቢሆን 13 12 አሳየን። ትርጉሙ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ቮልት አንሷል ማለት ነው። ባትሪው ላይ ስንለካ ግን 25 ቮልት አለ፤ ለ24 ቮልት ባስ ምንም አይወጣለትም። ከልጆቹ አንዱ ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሻሲው የሚሄደውን ገመድ፣ በቴስተሩ ኦም ሞከረው። ጢጥ አለ። «ደህና ነው» አለ ልጁ።

ጋሼ ሳቁ። ሌላው ዘመድ ይቅር ይበለኝና ከሰርጉ ሁሉ በጣም የማስታውሰው ይህን ሳቅ ነው። «ጭነት ሳትጭንበት ምኑን ለካኸው?» አሉት። መብራቶቹንና ማራገቢያውን አስበሩ። ቴስተሩን ወደ ቮልት መለሱት። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከኋላ የካምቢዮው ኮምፒውተር ማሳ የታሰረበት ብሎን ላይ አደረጉ። ጤነኛ ገመድ ላይ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት። እኛ ያየነው ከ5 በላይ ነው።

ብሎኑ ሲፈታ ነገሩ ወለል አለ። ኮሎራዶ ክረምት ላይ መንገዱ በረዶ እንዳይዝ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ከታች ገብቶ ገመዱን ላስቲኩ ውስጥ በልቶታል። ውጪው ያምራል፤ ውስጡ ጥቂት ክር ብቻ ቀርቶታል። ጥቂቷ ክር ለቴስተር ትበቃለች። የኤሲው ማራገቢያ ሙሉ ኃይል ሲመለስባት ግን በአንድ ሰው መተላለፊያ መቶ ሰው እንደመስደድ ነው። ኮምፒውተሩ በዚያው ብሎን ላይ ስለታሰረ አብሮ ተራበ። በቀዝቃዛ አየር ጠዋት ጠዋት ስንነዳት ምንም የማትለውም ለዚህ ነው።

ወፍራም ገመድ ቅዳሜ ከሰዓት ከየት ይመጣል? አጠገባችን ካለው የመኪና ማደሪያ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ መጡ። አሮጌ ኮች ባስ ቤት አድርገው ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩበታል። የባሳቸውን ሆድ ሲከፍቱት ግማሽ ጋራዥ ነው። ገመድ ሰጡን፣ ጫፉን በራሳቸው መሣሪያ ጨምቀው አሰሩልን። የኮምፒውተሩ ማሳ ከኤሲው ተለይቶ ቀጥታ ባትሪው ላይ እንዲሄድ ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ ጋሼም ተስማሙ። በሁለት ቋንቋ ቢያወሩም ሽቦው ላይ ሲጠቁሙ ያለ አስተርጓሚ ይግባቡ ነበር። ብር አልቀበልም ብለው ዶሮ ወጥ በእንጀራ በሉ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሞተሩ ተነሳ። ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትነው። ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ ማለት ይቻላል፤ እልልታው ግን ከሞተሩ በላይ ነበር።

የሞቴሏ እመቤት፣ አዛውንቶቻችንንና ሕፃናቱን በነፃ ቀዝቃዛው አዳራሽዎ አስቀምጠውልናል። ሐብሐብ በመኪና ሙሉ ያወረዱልን ገበሬ፣ የግሪን ሪቨርን ሐብሐብ ስም በከንቱ እንዳላወጡት አይተናል። ረዳት ሹፌራችን፣ ኮዱን አውጥተህ ስታበቃ ሌሊቱን ንቁ ሆነህ እንድትነዳ እኛ ስንሠራ ሄደህ ተኝተሃል። ሕጉ መንገደኛ የጫነ ሹፌር በአንድ ፈረቃ ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል፤ ያን እንቅልፍ እንደ ስንፍና ያየ ካለ ይቅርታ ይጠይቅህ። የቬጋስ ካህናት አባቶቻችን፣ በስልክ «አይዟችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ኑ» ስላላችሁን ፍጥነት አላበዛንም። ከዩታ ስንወጣ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለስ የለ? እሷም ጠቅማናለች። ከቅዳሴ በፊት ደርሰናል።

እናቶቻችን፣ በዚያ ሀሩር አንዳችሁ እንኳ አላማረራችሁም። ሙሽሪት፣ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ባትሪ ሳጥኑ ላይ የእጅ ባትሪ ስታበሪልን ያነሣንሽን ፎቶ ካልፈቀድሽ አላወጣም።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። የአካባቢያችን ባስ ያላችሁ ሹፌሮች ክረምቱ ሳይገባ ማሳችሁን እንዲለኩላችሁ ጋሼን ለምኛቸው እሺ ብለዋል፤ ቡና ማፍላት ግን የእናንተ ነው። ደግሞ አንድ ሰማያዊ ፔርሙዝና የሕፃን ጫማ ባሱ ውስጥ ተረስቷል። ባለቤቶቹ ደውሉልኝ።