ጣዝማን ከነቤቷ አንጨርሳት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ንብ ሲወራ ጣዝማ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። እኔን ግን የምታሳስበኝ እሷ ናት። ቤቷ መሬት ውስጥ ነው። አትናደፍም። ባለፈው ጥቅምት አገር ቤት ሄጄ፣ ሣር ላይ በደረቴ ተኝቼ ደጇን አየሁት። ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ናት። አንዷ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ በር ትጠብቃለች፤ ሌሎቹ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ይገባሉ።

ማሯን የምታስቀምጠው ከሰምና ከዛፍ ሙጫ በሠራቻቸው ትንንሽ እንስራዎች ነው። ቀጠን፣ ኮምጠጥ ያለ ማር ነው፤ ለሳልና ለጉሮሮ ብለን የምንፈልገው።

አወጣጡ ነው የሚያሳዝነው። በዶማ ይቆፈራል፤ ንግሥቷም እጮቹም አብረው ይበተናሉ። ለአንድ ብርጭቆ ማር ስንል ቤቱ በሙሉ ይጠፋል። እባካችሁ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችን ጋብዙልን። ጣዝማን በቀፎ ስለማርባት ይንገሩን።