ጥፋተኛው መድኃኒቱ ነው ወይስ የደም ስሩ?

ሰላም አዘጋጅ፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ የደም ግፊት በመድኃኒት ቶሎ ሲወርድ ኤምአርአይ ላይ አዳዲስ ትንንሽ ነጠብጣቦች (ደም ያጠራቸው የአንጎል ቦታዎች) ይታያሉ ያላችሁትን አነበብኩት፣ እውነት ነው ይታያሉ፣ ግን ጥፋቱን በሙሉ መድኃኒቱ ላይ መጣል ቸኮል ያለ ይመስለኛል ምክንያቱም ግፊቱ ብዙ የወረደለት ሰው እኮ ሲጀመርም በጣም ከፍ ብሎ የመጣው ነው፣ ቀጫጭን የደም ስሮቹም ለዓመታት ሲጎዱ የኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. የ2013ቱ ኢንተራክት 2 ጥናት ከ2,800 በላይ ሰው ይዞ የላይኛውን የግፊት ቁጥር ከ140 በታች ማውረድ ሞትን እንደማያበዛ አሳይቷል፣ የ2016ቱ አታች 2 የተባለው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ማድረግ የተለየ ጥቅም አላገኘበትም፣ እንደውም የኩላሊት ችግር በዛ። ነጠብጣብ ታየ ተብሎ የግፊት መድኃኒት ይቁም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በዛ ላይ ሲቲ ስካን እነዚህን ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ አያሳይም፣ እሱን ብትጨምሩበት ደስ ይለኝ ነበር።