የኦክሲቶሲን አምፑል ከፍሪጅ አይለይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በወሊድ ጊዜ ስለሚፈስ ደም ሲጻፍ የአምቡላንስና የደም እጥረት ይነሳል። ልክ ነው። ነገር ግን ደሙን ለመከላከል የሚወጋው መድኃኒት ያለባት ትንሿ የመስታወት ብልቃጥ፣ የኦክሲቶሲን አምፑል፣ የምትቀመጥበት ቦታም የእናትን ሕይወት ይወስናል።

ኦክሲቶሲን ከአንጎል ሥር ካለው የፒቱታሪ ዕጢ ወደ ደም የሚለቀቅ ሆርሞን ነው። ማህፀንን ያኮማትራል፤ ሕፃኑ ሲጠባም ወተቱን ይገፋል። አራስ ስታጠባ ሆዷን የሚቆርጣት ለዚሁ ነው። የእንግዴ ልጁ ከተላቀቀበት ቦታ የሚፈሰው ደም የሚቆመው የማህፀን ጡንቻ ደም ሥሮቹን ጨምቆ ሲይዛቸው ነው። ማህፀን ከላላ ደሙ ይወርዳል።

ስለዚህ ሕፃኑ እንደተወለደ ሆድ ተዳስሶ፣ መንታ አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን እናትየዋ ጭን ላይ ይወጋል። ከመውለዷ በፊት ምጥ ለማፋጠን ብሎ በጡንቻ መውጋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እንደ ግሉኮስ ጠብታ ሊቀነስ ወይም ሊቆም አይችልምና ማህፀን ይቀደዳል፣ ሕፃን ይታፈናል።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በየቀኑ ማዋለጃው ትሪ ላይ ሲሞቅ የሚውል አምፑል ኃይሉ ይደክማል። መልኩ ግን ያው ውሃ የመሰለ ነው፤ አዋላጇ በምን ትለየዋለች? ለተራው የሚበቃው ብቻ ይውጣ፤ የፍሪጁ ሙቀት ጠዋትና ማታ ይመዝገብ። መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ደግሞ እንደ ኦክሲቶሲን ማህፀንን የሚያኮማትረውና ሙቀት የሚቋቋመው መድኃኒት፣ ካርቤቶሲን 100 ማይክሮግራም፣ ይቅረብልን።

አዋላጅ ባለሙያዎች