ይድረስ ለወዳጄ፣ ስለ ታናሽ ወንድሜ ጉዳይ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የዝምታዬን ምክንያት መዘርዘር ብጀምር ወረቀቱ በማመካኛ ስለሚያልቅ ይቅርታህን ብቻ ለምኜ ወደ ጉዳዬ ልለፍ፤ ደግሞም አንተ ራስህ ብዕር አላነሣህምና ወቀሳውን ብንካፈለው የሚበደል የለም። የጻፍኩልህ ስለ «ፕሮፌሰሩ» ነው። ያወጣህለት ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ ነርሶቹ ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሩታል።

ሲጋራ ለማቆም ቆርጦ ተነሥቷል። ይህን ሲነግረኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። ስኪዞፍሬኒያ ለተባለው የአእምሮ ሕመሙ የሚወስደው መድኃኒት ክሎዛፒን ነው፤ ሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ተሞክረው ለእሱ ብቻ የሚሰሙትን ድምፆች ሊያስታግሱለት ስላልቻሉ የታዘዘለት፣ ደሙንም በየጊዜው ማስመርመር ግድ የሚል መድኃኒት ነው። የምትከታተለው ሐኪም እንዳስረዳችኝ፣ በትንባሆ ጢስ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ክሎዛፒንን የሚያፈራርሰውን የጉበት ኢንዛይም ያነቃቃሉ፤ ስለዚህ አጫሽ ሰው መድኃኒቱን ከሰውነቱ ቶሎ ስለሚያስወግደው ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልገዋል። ማጨሱን ሲያቆም ኢንዛይሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን ስለሚቀንስ፣ አንድም ክኒን ሳይጨመር በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በግማሽ ወይም ከዚያም በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። ያን ጊዜ ከባድ እንቅልፍ፣ የምራቅ መብዛት፣ መንገዳገድ፣ ከባሰም የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲን አምሮቱን ያስታግስለታል እንጂ ከዚህ አያድነውም፤ ጉበቱን የሚያነቃቃው ጢሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለምና። ስለዚህ ሐኪሟ ደሙን እየለካች፣ መጠኑን እየቀነሰችለት እንዲያቆም ተስማምተዋል። ለካስ ሱስን መተው እንኳ የሐኪም ፈቃድ የሚጠይቅበት ሕመም አለ!

ለምን ያን ያህል እንደሚያጨስ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ድምፆቹ አይጠፉም፤ ነገር ግን እያጨስኩ ሳለ እነሱ ሲናገሩ እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ እችላለሁ» አለኝ። ካንትዚያን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 ሱሰኞች አብዛኛውን ጊዜ ደስታን ሳይሆን ከሥቃያቸው ማረፊያን እንደሚሹ፣ ማለትም ራሳቸውን በራሳቸው ለማከም እንደሚሞክሩ ጽፎ ነበር፤ የወንድሜ መልስ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን በስኪዞፍሬኒያ የሚዛባው የዶፓሚን (በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል) ሥርዓት ሽልማትንና ፍላጎትን የሚመራውም ስለሆነ፣ ሕመሙና ለሱስ መጋለጥ ከአንድ ሥር ሊበቅሉ ይችላሉ ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ሐሳብ በወንድሜ ላይ አያለሁ። ቀድሞ ያጨሰው የነበረው ካናቢስ ለጥቂት ሰዓት ቢያሳርፈውም በማግስቱ ጥርጣሬውን እያባሰበት ይሄድ ነበር፤ ያም ሆኖ መልሶ ይፈልገው ነበር።

ካናቢሱን ካነሣሁ ዘንድ፣ እስከ ዛሬ ሳንነጋገርበት ወደቀረው ነገር ልምጣ። እንዴት እንደምጽፈው ግን አላውቅም። እናቴ ወንድሜ የታመመው ከእኛ ጋር በሰገነቱ ላይ በማምሸቱ ነው ብላ ታምናለች፤ «ከእኛ» ስል ከአንተ ማለቷ እንደሆነ ይገባሃል። አንተም እግርህን ያሳጠርከው ይህን ስለምታውቅ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የስዊድን ጥናት ከ45,000 በላይ ወጣት ምልምል ወታደሮችን ለ15 ዓመት ተከታትሎ፣ ካናቢስን ከ50 ጊዜ በላይ የተጠቀሙት በስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት 6 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ከአንተ ልደብቅ አልችልም። ሆኖም በዚያው ጥናት ያን ያህል ከተጠቀሙት መካከል እጅግ የሚበዙት አልታመሙም። በትውልድ የሚወረስ ተጋላጭነት፣ የጀመሩበት ዕድሜ፣ የዕፁ ብርታት፣ የአጠቃቀሙ ድግግሞሽ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። አጎታችን እንዴት እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ያ ደም በወንድሜ አለ፣ በአንተ የለም። አንተ ከእሱ እኩል አጭሰህ ዛሬ የሰው ሒሳብ ትመረምራለህ (ሒሳቡ ልክ ስለመሆኑ ግን ዋስ አልሆንህም)። እሱ ግን ሲጀምር ገና ልጅ ነበር። ከዚህ በላይ ከሳሽም ጠበቃም ልሆንህ አልፈልግም።

ለእኔ ከዚህ ክርክር ይልቅ ያንገበገበኝ ሕክምናው ነው። ለረጅም ጊዜ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ስንመላለስ ኖረናል፤ የሱስ ማገገሚያው «መጀመሪያ አእምሮው ይረጋጋ» ይለናል፣ የአእምሮ ሕክምናው ደግሞ «መጀመሪያ ሱሱን ይተው» ብሎ ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች 47 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት የአልኮል ወይም የሌላ ዕፅ ችግር እንደነበረባቸው አሳይቷል። ግማሽ ያህሉ ሕመምተኛ ሁለቱን ተሸክሞ ሲመጣ እንደ ልዩ እንግዳ ደንግጦ መመለስ ምን ይሉታል? እሱም ካናቢስ በያዘው ሰሞን መድኃኒቱን ይዘላል፣ መድኃኒቱን ሲዘል ድምፆቹ ይበረታሉ፣ ሲበረቱበት ወደ ካናቢሱ ይመለሳል፤ ከዚህ አዙሪት የትኛውን ጫፍ «መጀመሪያ» ብለህ ትይዛለህ? አሁን ያሉን ሐኪሞች ሁለቱንም በአንድ ቡድን፣ በአንድ መዝገብ ያክማሉ። ቢወድቅ ከሕክምናው አያባርሩትም፤ ምን እንዳጋጠመው ጠይቀው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ካናቢሱን የተወው በእነሱ እጅ ነው፤ ሁለት ጊዜ አገርሽቶበት ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ሄዶ ነገራቸው። በፊት ቢሆን ይደብቅ ነበር።

እንግዲህ የምለምንህ ይህ ነው። ማቆሚያው የሚጀምረው በመጪው ወር መግቢያ ነው፤ እኔ በዚያ ሰሞን የማታ ተረኛ ስለሆንኩ ቤት አልገኝም። ከእሱ ጋር ማን ቢያመሽለት እንደሚወድ ብጠይቀው ሳያቅማማ አንተን ጠራ። እናቴም ሰምታ ዝም አለች፤ ዝምታዋን ታውቀዋለህ፣ እምቢታ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በሰማነው። ከመጣህ ምክር አታብዛበት፤ እንዳመጣለት ይጫወት። ንግግሩ ከተሳሰረ፣ እንቅልፍ ከከበደው ወይም መቆም ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ለሐኪሟ ደውል፤ ቁጥሯን ጠረጴዛው ላይ እተውልሃለሁ። አንድ ሲጋራ ማጨሱን ቢነግርህ አትቆጣው፤ ማጨሱን ግን ለሐኪሟ ማሳወቅ አለብህ፣ የመድኃኒቱ ልክ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነውና። የራስህን ሲጋራ ደግሞ ቤትህ ትተህ ና። ለመተው እንደማትበቃ አውቃለሁ፤ እኔ የጠየቅሁህ ግን ለምሽቱ ብቻ ነው። እስከ ሐሙስ መልስህን ካልላክህልኝ ራሴ መጥቼ በርህን አንኳኳለሁ።

የማይረሳህ ወዳጅህ