የአልትራሳውንድ ማሽኑ አለ፤ የጎደለን ፕሮብ ነው

በሄፓታይተስ ሕሙማን ማኅበራችን ስብሰባ ቡና የሚያፈሉልን እናት ጀበናውን በሁለት እጃቸው ነው የሚያነሱት። ጠዋት ጠዋት ጣታቸው እሺ ብሎ አይታጠፍም። ሄፓታይተስ ሲ፣ ጉበት የሚያጠቃው ቫይረስ፣ እንዳለባቸው ካወቁ ቆይተዋል። ስለ ጣታቸው ግን የሚነገራቸው ሁሌም ያው ነው፤ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው»። ከዚያ የዲክሎፌናክ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ መርፌ። ጉበቱ ለታመመ ሰው!

የወፍ በሽታ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ቢጫ ዓይን ነው። ቫይረሱ መገጣጠሚያም ላይ ይደርሳል። ሄፓታይተስ ቢ ሲጀምር፣ ዓይናቸው ገና ቢጫ ሳይሆን መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው አሉ። ሲ ላይ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ለሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ የሚታዘዘው ሩማቶይድ ፋክተር የሚባል የደም ምርመራ፣ በሽታው ራሱ ሳይኖር ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ያንን ወረቀት ብቻ አይቶ የዚያን በሽታ መድኃኒት፣ ጉበት ሊጎዳ የሚችለውን ሜቶትሬክሴት፣ የሚያዝ ሐኪም ካጋጠመ፣ ዕዳው የጉበት ነው።

አልትራሳውንድ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ጨረር የለውም። እጅ ላይ ጄል ይቀባና ፕሮቡ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያርፈው የማሽኑ መመርመሪያ እጀታ፣ ይንሸራተታል። የመገጣጠሚያው ሽፋን ካበጠ፣ ውኃ ከቋጠረ ይታያል። የደም ፍሰት የሚያሳየው ዶፕለር ሲከፈት ደግሞ የተቆጣው ቦታ፣ ደም ስለሚበዛበት፣ በቀለም ይበራል።

የምንታከምበት ክሊኒክ ማሽኑ አለው። ፕሮቡ ግን ለሆድና ለእርግዝና የሚሆነው፣ ጎበጥ ያለው ነው። ጥልቁን ያያል እንጂ ቆዳ ሥር ያለችውን የጣት አንጓ አጥርቶ አያሳይም። ለእሷ ጠፍጣፋው ሊኒየር ፕሮብ ያስፈልጋል። የምንለምነው ለእሱ ነው።

ሐኪሞቹ በዚህ ፕሮብ ጥናት ያለ ክፍያ ሊሠሩ ተስማምተዋል። የአባላቱን እጅና ጉልበት ያያሉ፤ ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ጋርም ያወዳድራሉ። የሄፓታይተስ ሲ ክኒን አብዛኛውን ሰው በ12 ሳምንት ያድናል። ቫይረሱ ሲጠፋ ጣቱስ ይተወዋል? ይህን በዓይናችን ማየት እንፈልጋለን። ስለዚህ ቫይረሱ የሌለባችሁ፣ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለማወዳደሪያ ጤነኛ እጅም አዋጡ። የጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይወጣ ማንም አይመረመርም።

100 ብርም ትሁን፣ ደረሰኝ አላት። እድር ውስጥ ያደግን ነን፤ ሒሳብ እንዴት እንደሚጠየቅ እናውቃለን። ውጭ ያላችሁና ያገለገለ ፕሮብ ለመላክ ያሰባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ሞዴል ጠይቁን። ከማሽኑ ጋር ካልገጠመ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚከርመው።

እናታችን ከወዲሁ አንደኛ ተመዝግበዋል። እስከዚያ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ ብንላቸው ግን እምቢ ብለዋል።