በቅርስነት በተመዘገቡ ሕንፃዎች ስለሚገኙ መኖሪያዎች የውስጥ እድሳት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የቀድሞውን ወለል በሴራሚክ የማንሸፍነው፣ የብረት መስኮቱንም በአሉሚኒየም የማንተካው ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁን ይህን ደብዳቤ ጽፈናል።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በተከፈቱበት በ1950ዎቹ በባሕር ዳር ይሠሩ የነበሩት ዘመናዊ ሕንፃዎች ጌጥ አይበዛባቸውም፤ ውበታቸው በክፍሎቹ ልክ፣ በሚገባው ብርሃንና በወለሉ ላይ ነው። ወለሉ የተሠራበት ቴራዞ የእምነበረድ ስብርባሪ ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ ከደረቀ በኋላ ተፍቆ የሚወለወል ወለል በመሆኑ፣ ቢጠቁርም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁረው ለዓመታት በተደራረበበት ሰምና እድፍ ነው። ይህ ተነሥቶ በውሃ በሚሠራ መፈተጊያ ማሽን በስሱ ሲፈተግ ቀለሙ ይመለሳል፤ ስንጥቁም በተመሳሳይ ጠጠር ይሞላል፤ ድብልቁን ግን አስቀድመን ከዓይን በራቀ ጥግ ሞክረን እናሳያችኋለን። ሴራሚክ አንዴ ከተለጠፈበት ሲነሣ የወለሉን ገጽ ይዞ ይነሣል። አሲድ ያለበት ማጽጃም እምነበረዱን ስለሚበላው፣ ቤት ለሚያጸዱላችሁ ሰዎች ይህን እንድትነግሩልን አደራ እንላለን።

የብረት መስኮቶቹ ዘንግ ቀጭን ስለሆነ ብርሃን አይጋርድም፤ ዝገቱ ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶና የመስታወቱ ስቱኮ ታድሶ ለረጅም ዘመን ያገለግላሉ።

በጣና ዳር ባሉ ቤቶች ይበልጥ የምንጨነቀው ለእርጥበት ነው። እርጥብ ልስን በዘይት ቀለም ሲሸፈን ውሃው መውጫ ስለሚያጣ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣልም፤ ስለዚህ የሚያፈስሰውን ቧንቧ ወይም የጣሪያ አሸንዳ ሳንጠግንና ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅ ቀለም አንቀባም፤ ይህን ሥራ ከመስከረም በኋላ የምንቀጥረውም ለዚሁ ነው። አሮጌው የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል እያራስን እንፍቀዋለን፤ በዚያን ጊዜ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከቤቱ እንዲርቁ እንጠይቃለን።

ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ላይ ግን ጠንከር አንልም፤ ያረጀ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ መለወጥ አለበት፤ አዲሱን ሽቦ በተቻለ መጠን በነባሩ ቱቦ እናሳልፋለን።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ሥራ የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይደርሰን ግድግዳ አንነካም። ለማመልከቻው የሚያስፈልገውን ልኬት፣ ፎቶግራፍና ንድፍ እኛ እናዘጋጃለን፤ የባለቤትነት ማስረጃውን እናንተ ብታቀርቡልን የጋራ ሥራችን ይቀላጠፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አመራር
ባሕር ዳር