ቀለሙ እጥፋቱ ውስጥ ገብቷል

ውድ ልጄ፣

አረንጓዴ ቀለም ያለበትን የወረቀት ገንዘብ (ኖት) ፎቶ ልከሽ «ይሄ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የህትመት ስህተት ነው ወይ?» ያልሽኝን ማታ አየሁት፣ ጠዋት ደግሞ እንደገና አየሁት። በስልክ ከምነግርሽ ልጻፍልሽ ያልኩት ወደፊት ኖት በገለበጥሽ ቁጥር ይሄን ወረቀት ማየት ስለሚያስፈልግሽ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ያ አረንጓዴ ቀለም የህትመት ስህተት አይደለም። ስንት ቀን ፈልገሽ እንዳገኘሽው ስለማውቅ እኔም ከፍቶኛል። ግን ፎቶውን አስፊና መሃል ላይ ያለውን እጥፋት ተመልከቺ። ቀለሙ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጠቆር ብሏል። ወረቀቱ የተላጠበት ቦታ ላይማ እስከ ቃጫው ድረስ ጠጥቶታል። ማሽን ያተመው ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ እጥፋቱ ቀለሙን ፍቆ ነጭ መስመር ያወጣበት ነበር። ኖቱ ሲታተም ገና ማንም አላጠፈውማ! ይሄኛው ከብዙ ሰው ኪስ ከዞረ በኋላ ነው ቀለም የነካው።

ስህተትን ከጉዳት የምትለዪው የአሠራሩን ቅደም ተከተል ስታውቂ ነው። ኖት አንድ በአንድ አይታተምም። ብዙ ኖቶች በአንድ ትልቅ ሉህ ላይ አብረው ይታተማሉ። ጀርባው ለብቻ፣ ፊቱ ለብቻ ነው። ሴሪያል ቁጥሩ፣ ማለትም የኖቱ መለያ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ አካባቢ ይመጣል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስህተት የት ቦታ እንደተፈጠረ ራሱ ይናገራል። ወረቀቱ ሳይታተም በፊት ተጨማዶ ከነበረ፣ ስትዘረጊው ጠርዙ ጥርት ያለ ነጭ መስመር ታያለሽ፤ ምስሉም ግራና ቀኝ ተከፍሎ ይቀራል። ጥጉ ታጥፎ ሳለ ከተቆረጠ፣ ስትዘረጊው ትርፍ ወረቀት ይወጣል፤ አንዳንዴ የጎረቤት ኖት ቁራጭ አብሮት ይመጣል። ሰው በመቀስ የከረከመው ግን ከማነሱ በቀር ምንም የለውም። ከሌላ ኖት ጋር ደርበሽ ለኪው።

ለዚህ ትልቁ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ተማሪ ከኤቲኤም ያወጣው የ1996 እትም ባለ 20 ዶላር ነው። ፊቱ ላይ የሙዝ ስቲከር ተለጥፎበታል። ስቲከርማ ማንም መለጠፍ ይችላል። የዚህኛው ጉድ ግን የግምጃ ቤቱ ማኅተም ስቲከሩ ላይ ወጥቶ መታተሙ ነው። ማለት ስቲከሩ የወደቀው ፊቱ ከታተመ በኋላ፣ ማኅተሙና ቁጥሩ ከመምጣታቸው በፊት ነው። ይሄን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው የለም። በ2021 በጨረታ 396,000 ዶላር ተሸጧል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ጊዜ መልስ ስቀበል የግራው ሴሪያል ቁጥር በ7 የሚያልቅ፣ የቀኙ በ8 የሚያልቅ ኖት እጄ ገባ። ቁጥሩን የሚያዞረው ጥርስ አንዱ በኩል ሳይዞር ሲቀር እንዲህ ይሆናል። ልቤ ዘለለ። እንዳይጠፋብኝ ብዬ አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት! ቤት ስገባ ደግሞ እጥፋቱ አስጠላኝና እርጥብ ጨርቅ ደርቤ በካውያ ተኮስኩት። ከጊዜ በኋላ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው አሳየሁት። በጣቱ ዳበሰው። «ስህተቱ እውነተኛ ነው፤ ወረቀቱን ግን ገደሉት» አለኝ።

ምን እንደገደልኩ የገባኝ አዲስ ኖት ከጎኑ ሳስቀምጥ ነው። አዲሱ ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ ምስሉ ላይ ጥፍርሽን ብታስኬጂ ይሻክራል። ያ ሻካራ ነገር ማሽኑ በኃይል ተጭኖ ያወጣው የቀለም ጉብታ ነው። ካውያ ያስተኛዋል። ማጠብም ብርሃኑን ይወስደዋል። ስለዚህ አታጥቢ፣ አትተኩሺ፣ ላጲስም አታስነኪ፣ የተቀደደውን በስኮች አትለጥፊ። ጠርዙን ብቻ ይዘሽ ጠንካራ ማቀፊያ ውስጥ አግቢው። የሚሸት ለስላሳ ላስቲክ አይሁን፤ ሲቆይ ወረቀቱን ያበላሸዋል።

ለቁጥራቸው ተብለው የሚፈለጉ ኖቶች ላይ ደግሞ አትቸኩዪ። ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥር ወደ 100 ሚሊዮን ኖት ያስቆጥራል። ከዚያ ውስጥ ከ1 እስከ 9 ባለው አንድ አሃዝ ብቻ የተሞላ 9 ኖት ነው። እንደ 27144172 ከፊትም ከኋላም አንድ ሆኖ የሚነበበው ከ10,000 አንድ ይገኛል። እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው፤ በትዕግሥት ለፈለገ ሰው ይመጣል። በብዙ ዜሮ የሚጀምሩ ትንንሽ ቁጥሮችም ይፈለጋሉ።

ምትክ ኖቶችንም እወቂያቸው። የተበላሸ ሉህ ሲወጣ በቦታው ቁጥሩ ላይ ልዩ ምልክት ያለው ይገባል። ዶላርና የህንድ ሩፒ ላይ ምልክቱ ኮከብ ነው፤ ሌሎች አገሮች ለይተው ያስቀመጡት ፊደል አላቸው። ተከታታይ ቁጥር ያለው አዲስ እሽግ ስትቆጥሪ ቁጥሩ ድንገት ከዘለለ እዚያ ቁሚ። ኮከብ ሁሉ ግን ውድ አይደለም፤ ስንት እንደታተመ ማየት አለብሽ። የ2013 እትም ባለ 1 ዶላር ላይ ዋሽንግተንና ፎርት ወርዝ ያሉት ሁለቱ ማተሚያዎች በቢ (B) ፊደል የሚጀምሩ አንድ ዓይነት ባለ ኮከብ ቁጥሮችን ደግመው አትመዋል፤ ከ6 ሚሊዮን ጥንድ በላይ ነው። ሰብሳቢዎች መንታዎቹን እያገጣጠሙ ነው። የፎርት ወርዙ ኖት ፊቱ ላይ ትንሽ ኤፍ ደብሊው (FW) የሚል ጽሑፍ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ስገለባብጥ ቁጥሩ የተወለድሽበትን ቀን፣ ወርና ዓመት በተርታ የያዘ ኖት አገኘሁ። አርጅቷል፣ ጥጉ ተበልቷል፤ ለሰብሳቢ ብዙም አይሆን። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ስምሽን ጠራሁ። አስቀምጬልሻለሁ።

ያንን አረንጓዴውን አውጪና ተጠቀሚበት። የሚቀጥለውን ስታገኚ ሁለቱንም ፊት አንሽልኝ፤ አንዱን ፎቶ ደግሞ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርገሽ፣ የቀለሙ ጉብታ እንዲታየኝ።

አባትሽ